ሁለት ቆጣሪ፣ ሁለት ቁጥር

እህል ሲወቃ አውድማው ላይ በቁና ይሰፈራል። ጎተራ ሲገባ እንደገና ይሰፈራል። ወፍጮ ቤት ሲሄድ ደግሞ በኪሎ ይመዘናል። እነዚህ ሦስት ልኬቶች ብዙ ጊዜ እኩል አይመጡም። ለዘር የተለየ አለ፤ ብድር የተመለሰበት አለ፤ ነቀዝ የበላው አለ፤ ወፍጮው ሥር የቀረ ዱቄትም አለ። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ቁጥሩ ባልገጠመ ቁጥር «ተሰረቅሁ!» ብሎ አይጮህም። መጀመሪያ «የት ላይ ተሰፈረ? መቼ ተሰፈረ? በምን ተሰፈረ?» ብሎ ይጠይቃል።

የመብራትም ነገር እንደዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰባቸው አንዳንድ ቀበሌዎች መብራት ስለሚቆራረጥ ጣሪያቸው ላይ የሶላር ፓኔል ያወጡ ቤቶች አሉ። እንዲህ ባለ ቤት ሁለት ቆጣሪ ይኖራል። አንደኛው የመብራት ኃይል ቆጣሪ ነው። ሁለተኛው የሶላሩ ነው፤ ቁጥሩ በመሣሪያው መስኮት ላይ ወይም በስልክ ላይ ይታያል። ወር ሲሞላ ባለቤቱ ሁለቱን ያያል። አይገጥሙም። ከዚያ ጭቅጭቅ ይመጣል። አንዱ ሶላሩን የተከለውን ባለሙያ ይወቅሳል። ሌላው ቆጣሪ አንባቢውን ይጠረጥራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ጎረቤቴ መስመሬን ጠልፏል» ብሎ መነሳት ነው። በአንድ ቁጥር ምክንያት ለዓመታት ቡና የተጣጡ ሰዎች ይኳረፋሉ።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደማይገጥሙ፣ ምክንያቱንም በየተራ እንዴት ፈልጎ ማግኘት እንደሚቻል እንመለከታለን። ለዚህ የሚያስፈልገን ደብተር፣ እርሳስ፣ መደመርና መቀነስ ነው።

1. የሚቆጠረው ምንድን ነው?

ከምንጭ ውኃ የሚቀዳ ሰው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ውኃው በምን ያህል ብርታት እንደሚወርድ ነው። ሁለተኛው እንስራው ውስጥ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ነው። በኤሌክትሪክም ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። አሁን በዚህች ደቂቃ የሚፈሰው ብርታት በዋት ይለካል። 1000 ዋት 1 ኪሎዋት ይባላል። የተጠራቀመው ደግሞ በኪሎዋት ሰዓት ይለካል። ገንዘብ የምንከፍለው ለተጠራቀመው ነው።

ለምሳሌ ያህል 1000 ዋት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ ሰዓት ቢነድ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 10 ዋት የሆነች አምፖል ይህንኑ ለመፍጀት 100 ሰዓት መብራት አለባት። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ በአንድ ጋገራ ብቻ አምፖሏ በወር የማትፈጀውን ሊፈጅ ይችላል።

የሶላር መሣሪያ መስኮት ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይታያሉ። ደመና ሲመጣ የሚወርደው፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚወጣው ቁጥር የብርታቱ ነው። ሳይቀንስ እየጨመረ የሚሄደው የተጠራቀመው ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ከመብራት ቆጣሪው ጋር ያስተያያል። ይህ የምንጩን አወራረድ ከእንስራው ውኃ ጋር እንደማስተያየት ነው፤ ፈጽሞ አይገናኝም።

የካርድ ቆጣሪ ባለበት ቤትም ሌላ ስሕተት አለ። ይህ ቆጣሪ ከገዛነው የቀረውን ሂሳብ ያሳያል። የቀረው እየቀነሰ ይሄዳል። እስካሁን በጠቅላላው የተፈጀው ግን እየጨመረ ይሄዳል። የቀረውን «የተፈጀ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ሂሳቡ ሁሉ ይገለበጥበታል። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት የትኛውን ቁጥር እያየን እንደሆነ እንለይ።

2. ቆጣሪዎቹ የቆሙት የት ነው?

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። የመብራት ቆጣሪው የቆመው እንደ በር ጠባቂ ነው። ከመስመር ወደ ቤት የገባውን ብቻ ይቆጥራል። ጣሪያው ላይ ፀሐይ ምን እንደሰጠች አያውቅም። የሶላሩ ቆጣሪ ግን የቆመው አውድማው ላይ ነው። ከፀሐይ የተሰበሰበውን ይቆጥራል። ቤቱ የሚበላው ከሁለቱም ነው፤ ከገዛ እርሻው የገባውንም፣ ከገበያ የሸመተውንም።

ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦

ቤቱ የፈጀው = ከፀሐይ ቤት የደረሰው + ከመስመር የተገዛው

እንግዲህ ሁለቱ ቆጣሪዎች እኩል ቁጥር ማሳየት አለባቸው ያለ ማን ነው? አንዱ የአዝመራ ሂሳብ ነው፤ ሌላው የሸመታ ሂሳብ ነው። አዝመራው ሲበዛ ሸመታው ይቀንሳል እንጂ እኩል አይሆንም። እኩል ቢሆኑ እንኳ አጋጣሚ ነው።

በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ ከቤት የተረፈ የፀሐይ ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ ይሸጣል። እዚያ ቆጣሪው ሁለት ቁጥር ይይዛል። የገባውን 1.8.0 በሚል ምልክት፣ የወጣውን 2.8.0 በሚል ምልክት ለየብቻ ያሳያል። ለዚህ ያልተሠራ ቆጣሪ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንዳንዱ የወጣውንም እንደገባ አድርጎ ይቆጥራል። ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱ ለሰጠው ኃይል ራሱ ይከፍላል። በአገራችን ኃይሉን ለቤት የሚያከፋፍለውና የሚሸጠው በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ከእርሱ ጋር ሳይነጋገሩ ሶላርን ወደ መስመሩ መልሶ መልቀቅ አይገባም። ኪሣራ ብቻ ሳይሆን ሞትም ሊያመጣ እንደሚችል ወደ ኋላ እናያለን።

3. ከአውድማ እስከ ጎተራ የሚጎድለው

ፓኔሉ የሰበሰበው ሁሉ አምፖሉ ጋ አይደርስም። በመንገድ ላይ የሚቀር አለ።

የመጀመሪያው በባትሪው የሚቀረው ነው። በተለምዶ የመኪና ዓይነት በሚባለው የእርሳስ ባትሪ ውስጥ 10 ብናስገባ መልሶ የሚሰጠን 8 ያህል ነው። የሊቲየም ባትሪ የተሻለ ነው፤ ከ10 ውስጥ 9 ወይም ከዚያ በላይ ይመልሳል። የጎደለው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ሁለተኛው በኢንቨርተሩ የሚቀረው ነው። ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ ኃይል የሚለውጠው ሣጥን ነው። ሲለውጥ ይሞቃል፤ የሞቀው ከእኛው ኃይል ነው። ከዚህም ሌላ ምንም ሳይሠራ በራሱ የሚበላው አለ። ነገሩ ጥቂት ይመስላል፤ ግን ሌትና ቀን አያቋርጥም። እስቲ እናስላው። ኢንቨርተሩ ለራሱ 30 ዋት ብቻ ቢፈጅ፣ በ24 ሰዓት 720 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ30 ቀን ሲባዛ 21,600 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 22 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይመጣል። እንግዳ ሳይመጣ እንግዳ እንደማብላት ነው።

ሦስተኛው በሽቦ የሚቀረው ነው። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ይሞቃል፤ በሙቀቱም ኃይል ይባክናል።

የሶላሩ ቆጣሪ የሚቆጥረው ከነዚህ ሁሉ በፊት ከሆነ ቁጥሩ ትልቅ ይሆናል። ከኢንቨርተሩ በኋላ ከሆነ ደግሞ ያንሳል። በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ስለዚህ ባለሙያውን «ይህ ቁጥር የተለካው ከባትሪው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለን እንጠይቀው።

4. ቀንና ሰዓት

ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ለመሣሪያው ግን ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። እኛ ወርን በ30 ቀን ስንቆጥር መሣሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ28፣ በ30 ወይም በ31 ቀን ይቆጥራል። እኛ «የኅዳር ወር» የምንለው እርሱ ዘንድ የለም። የፈረንጆቹ ኖቬምበር የሚገባው በእኛ ጥቅምት 21 ወይም 22 ነው። ቆጣሪ አንባቢው ደግሞ በራሱ ቀን ይመጣል፤ አንድ ጊዜ በ28ኛው ቀን፣ ሌላ ጊዜ በ33ኛው ቀን። እንግዲህ አንዱ የ30 ቀን፣ ሌላው የ33 ቀን ቢቆጥር እንዴት ይገጥማሉ?

ሌላም አለ። ከቻይና የመጣ መሣሪያ ሰዓቱ ካልተስተካከለ በቻይና ሰዓት ሊሄድ ይችላል። የቻይና ሰዓት ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ታዲያ መሣሪያው ልጆች መብራት አብርተው ሲያጠኑ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት የተፈጀውን ሁሉ በነገው ቀን ላይ ይጽፈዋል። ቀን በቀን የሚያስተያይ ሰው ግራ ይጋባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመሣሪያውን ሰዓት ማስተካከል ነው።

ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ በግምት የተጻፈ ሂሳብም ሊያጋጥም ይችላል። ደረሰኙ ላይ ያለውን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። የደረሰኙ ቁጥር ከዛሬው የቆጣሪ ቁጥር ከበለጠ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያልተፈጀ ተጽፏል ማለት ነው።

5. በሽቦ ላይ የምትታሠር ቀለበት

አንዳንድ ሶላር ከመስመር የሚገባውንም ራሱ ይለካል። የሚለካውም በመስመሩ ሽቦ ዙሪያ በምትታሠር ትንሽ ቀለበት ነው። ይህች ቀለበት ሦስት ዓይነት ጣጣ ታመጣለች።

ሀ. ቀስት አለባት። ቀስቷ ወደተሳሳተ ጎን ከዞረ የሚገባውን እንደሚወጣ ትቆጥራለች። መደመር የሚገባው ይቀነሳል።

ለ. መታሠር የሚገባት በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ነው። መሄጃውንና መመለሻውን ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ካቀፈች አንዱ ሌላውን ያጠፋውና ዜሮ ታነባለች።

ሐ. ከእርሷ በፊት የተቀጠለ መስመር ካለ አታየውም። የምጣዱ ሽቦ ወይም ለጎረቤት የተሳበ መስመር ከቀለበቷ በፊት ከተቀጠለ የመብራት ቆጣሪው ይቆጥረዋል፤ ሶላሩ ግን አያውቀውም። በዚህ ጊዜ የቁጥሩ ልዩነት እውነተኛ ፍጆታ ነው፤ የጠፋ ነገር የለም።

ቀለበቷን ነክቶ የሚያስተካክል ባለሙያ ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ አይተን መጠየቅ ነው።

6. አንድ ቤት እናስላ

እስቲ አንድ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ቤት ሶላር ሳይገባ በፊት በ30 ቀን 120 ኪሎዋት ሰዓት ይገዛ ነበር። ሶላሩ ከገባ በኋላ መሣሪያው በ30 ቀን 90 ሰበሰብሁ ይላል። ባለቤቱ 120 ሲቀነስ 90፣ የምገዛው 30 ብቻ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ቆጣሪው ግን 70 አለ። «40 የት ገባ? ጎረቤት ነው የወሰደብኝ!» አለ።

ሳይጣላ በፊት ደብተር ያውጣ።

ከ90ው ውስጥ 30 ያህሉ ቀን በቀጥታ ተፈጀ፤ 60 ባትሪ ውስጥ ገባ እንበል። ባትሪው የእርሳስ ነው። ከ60 የመለሰው 48 ነው። ስለዚህ 30 ሲደመር 48፣ 78 ሆነ።

ኢንቨርተሩ ለራሱ 22 በላ። 78 ሲቀነስ 22፣ 56 ቀረ። ቤት የደረሰው ይህ ነው።

ቤቱ የሚፈጀው አሁንም 120 ከሆነ፣ ከመስመር መግዛት ያለበት 120 ሲቀነስ 56፣ ማለትም 64 ነው።

ቆጣሪው ያሳየው 70 ነው። ነገር ግን በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለፈው 32 ቀን ነው። 70 ለ32 ሲካፈል በቀን 2.2 ያህል ይደርሳል። በ30 ቀን ሲሰላ ወደ 66 ይጠጋል።

64 እና 66! 40 የነበረው ጥርጣሬ ወደ 2 ወረደ። ሁለት ያህል ደግሞ ከመሣሪያዎቹ አለካክ ሊመጣ ይችላል። ብዙ የቤት ቆጣሪ ከ100 ላይ 1 ያህል ወደላይ ወይም ወደታች ቢስት እንደ ትክክል ይቆጠራል። የሶላር መሣሪያ መስኮት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ሊስት ይችላል።

በዚህ ቤት ሌባ አልነበረም። የሌለ ሌባ ፍለጋ ግን ጎረቤት ሊያጣላ ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። ሶላር ሲገባ የቤቱ ፍጆታም ይለወጣል። «መብራት ከፀሐይ ነው፣ በነፃ ነው» ተብሎ አምፖል ሳይጠፋ ይታደራል፤ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ያመሻል። ያን ጊዜ 120 የነበረው 140 ይሆናል። የበላነውን ረስተን ቆጣሪውን መውቀስ አይገባም።

7. ምርመራው በየተራ

1ኛ. ሁለቱን ቆጣሪዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት አንብቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሁለቱን ቁጥሮች ደብተር ላይ ጻፉ። ከ7 ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ድገሙ። ከኋለኛው ፊተኛውን ቀንሱ። በአሮጌ ቆጣሪ ላይ በመጨረሻ ያለችው በቀይ የተለየች አኃዝ ብዙ ጊዜ ከነጥብ በኋላ የምትነበብ ናት፤ ከሙሉው ቁጥር ጋር አትቀላቅሏት።

2ኛ. በማታ፣ ፀሐይ በሌለችበት ጊዜ፣ ሶላሩን በማጥፊያው አጥፉ። ከዚያ የቤቱን ዋና ማጥፊያ አጥፉ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ትንሽ መብራት፣ ወይም በአሮጌው ላይ የሚዞረውን ሰሌዳ 15 ደቂቃ ተመልከቱ። ከቆመ መልካም ነው። ደጋግማ ብልጭ ካለች ወይም ሰሌዳው መዞሩን ከቀጠለ ከማጥፊያው በፊት የተቀጠለ ነገር አለ፤ አለዚያም የተላጠ ሽቦ ኃይል ያፈሳል። በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ኃይል ሰው ስለሚገድል ሳታድሩ ባለሙያ ጥሩ።

3ኛ. ሶላሩ እንደጠፋ ዋናውን ማጥፊያ መልሱ። ሌላውን ሁሉ ነቅላችሁ 1000 ዋት የተጻፈበትን ምድጃ ብቻ አብሩ። ቆጣሪው ፊት ላይ 1600 የሚል ቁጥር በፈረንጅ ፊደል ከተጻፈ «ኢምፕ» ጋር ካለ፣ ብልጭታዋ 1600 ጊዜ ስትቆጠር 1 ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ምድጃው በ3 ደቂቃ 80 ብልጭታ ያህል ማሳየት አለበት። ቁጥሩ 1000 ከሆነ 50 ያህል ይሆናል። የመስመሩ ጉልበት በደከመበት ሰዓት ምድጃውም ከተጻፈበት ያነሰ ስለሚስብ ጥቂት ቢያንስ አትደንግጡ። ከሚገባው በብዙ ከበለጠ ግን ሌላ የተሰካ ነገር አለመኖሩን አረጋግጡና ጻፉት።

4ኛ. ልዩነቱ አሁንም ትልቅ ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። «ቆጣሪያችሁ ያታልላል» ከማለት «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይህን አነበብሁ፤ በ3 ደቂቃ ይህን ያህል ብልጭታ ቆጠርሁ» ማለት ይሻላል። በቁጥር የቀረበ አቤቱታን ማስተባበል አስቸጋሪ ነው።

8. የማይነካ

የቆጣሪውን እሽግ አትክፈቱ። ያስጠይቃል፤ ይገድላልም።

ፓኔል ፀሐይ እስካለች ድረስ ኃይል ይሰጣል፤ ማጥፊያው ቢጠፋም ከፓኔሉ የሚወርደው ሽቦ ላይ ኃይል አለ። ሽቦውን አትላጡ፤ ሕፃናትም እንዳይነኩ ጠብቁ።

መስመሩ ሲቋረጥ የኢንቨርተሩን ኃይል በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር መልሶ መስደድ ከሁሉ የከፋ ነው። ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ይወጣል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ «መስመሩ ጠፍቷል» ብሎ ሲነካ ይሞታል። ሁለቱን ኃይል የሚለያይ ማቀያየሪያ በባለሙያ ማስገባት ግዴታ ነው።

እንግዲህ ማጠቃለያው ይህ ነው። ሁለት ቁጥር ሲለያይ አንዱ ውሸታም ነው ማለት አይደለም። የተለያየ ጥያቄ ተጠይቀው የተለያየ መልስ ሰጥተው ይሆናል። ምን ተቆጠረ? የት ተቆጠረ? ከመቼ እስከ መቼ ተቆጠረ? እነዚህን ሦስቱን ጠይቀን፣ ጽፈን፣ ቀንሰን ያልተገኘ ጉድለት ብቻ ነው እውነተኛ ጉድለት። ጣት ከመቀሰር በፊት እርሳስ ማንሳት ይቅደም።

ለመወያያና ለመልመጃ

1. የሶላሩ ቆጣሪና የመብራት ቆጣሪው እኩል ቁጥር ማሳየት የማይጠበቅባቸው ለምንድን ነው?
2. 60 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን 5 ሰዓት ቢከፈት በ30 ቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? (መልሱ 9 ነው፤ እንዴት እንደመጣ አሳዩ።)
3. ዋናው ማጥፊያ ጠፍቶ ቆጣሪው ቢቆጥር ምን ታደርጋላችሁ?
4. በቀበሌያችሁ በቆጣሪ ምክንያት የተነሣ ጭቅጭቅ ካለ፣ በደብተር ቢያዝ ኖሮ እንዴት ይፈታ ነበር?